በኦማሃ ፖከር የትኞቹን አራት ካርታዎች ልጫወት፣ የትኞቹን ልጣል?

ጥያቄ፦ ከሆልደም የመጣ

ሰላም ለሁላችሁ። ሆልደም (በእጅ ሁለት ካርታ የሚያዝበትን ፖከር) ሁለት ዓመት ተጫውቻለሁ፣ እዚያ ብዙም አልቸገርም። ፖት ሊሚት ኦማሃ (አራት ካርታ የሚያዝበት፣ የሚያስይዙት በፖቱ ማለትም መሃል በተሰበሰበው ገንዘብ ልክ የሚገደብበት) ከጀመርኩ ግን ሦስት ሳምንቴ ነው፤ በተከታታይ እየተበላሁ ነው። መደቡ ትንሽ ነው፣ ብላይንዱ (ካርታ ሳይታይ በግዴታ የሚያዘው) 1 እና 2 ቺፕ።

የትናንቱን ልንገራችሁ። ኤስ፣ ኤስ፣ 8 እና 3 ደረሰኝ፤ አራቱም የተለያየ ዓይነት (ስፔድ፣ ኸርት፣ ዳይመንድ፣ ክለብ)። ደስ ብሎኝ የሚፈቀደውን ያህል ሬይዝ አደረግኩ (መያዣውን ከፍ አደረግኩ)፣ 7 አስያዝኩ። አራት ሰው ኮል አለ (እኩል ከፈለ)። ፍሎፑ (ቦርዱ ላይ መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች) 9፣ 10፣ ጃክ ሆነ። ኤሶቼን መጣል አቃተኝና ያለኝን በሙሉ አስገባሁ። አንዱ ኪንግና ኩዊን ገለጠ፣ ሌላው ሦስት 9። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ በኩዊን ፍላሽ (አምስት አንድ ዓይነት ካርታ) ሠርቼ በኤስ ፍላሽ ተበላሁ።

አራት ካርታ ሲሰጠኝ ሁሉም እጅ ጥሩ ይመስለኛል። እናንተ እንዴት ነው የምትመርጡት?

መልስ፦ ቀስ በቀስ

አይዞህ ወንድሜ፣ ከሆልደም የመጣ ሁሉ በዚህ በር ነው የሚገባው።

ኦማሃ ላይ ከእጅህ ሁለት፣ ከቦርዱ ሦስት ካርታ መጠቀም ግዴታ ነው። ስለዚህ አራት ካርታ ስትይዝ በእጅህ ስድስት ጥንድ (ሁለት ሁለት ካርታ) አለ ማለት ነው። ኤስ ኤስ 8 3ን በዚህ ዓይን እየው። ኤስ ኤስ ጥሩ ነው። ኤስና 8፣ ኤስና 3 (እነዚህ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ)፣ 8ና 3 ብዙም አይሠሩም። ከስድስቱ በደንብ የሚሠራልህ አንዱ ብቻ ነው። ኮል ያሉት አራት ሰዎች ደግሞ በድምሩ 24 ጥንድ ይዘው ነው የጠበቁህ። አንድ ጥንድ ኤስ ያንን ሁሉ አይችልም።

አሁን ጃክ፣ 10፣ 9፣ 8 ያዝ። ስድስቱም ጥንድ ይሠራል። ፍሎፑ 8፣ 7፣ 2 ቢሆን፣ ዓይነቱም የተለያየ ቢሆን፣ ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) የሚሠሩልህ 13 ካርታዎች አሉ፦ አራቱ 6ዎች፣ የቀሩት ሦስት 9ዎች፣ ሦስት 10ሮችና ሦስት ጃኮች። ተርኑ (አራተኛው የጋራ ካርታ) ላይ ከነዚህ የትኛውም ቢወጣ ስትሬትህ የሚቻለው ትልቁ ነው፣ በዚያች ሰዓት ማንም አይበልጥህም። ሆልደም ላይ በሁለት ጫፍ ክፍት የሆነ ስትሬት ስትጠብቅ ያለህ 8 ካርታ ነበር። ልዩነቱ ታየህ?

ስለዚህ ካርታው እንደደረሰህ «ትልቅ ነው ወይ?» ብለህ አትጠይቅ። «አራቱ ይረዳዳሉ ወይ?» በል። ጃክ፣ 10፣ 9 ይዘህ አራተኛው 3 ከሆነ፣ ያ 3 ሸክም ነው፤ የምትጫወተው በሦስት ካርታ ነው።

መልስ፦ ሦስተኛዋ ወንበር

እኔ ስለ ፍላሹ ልጨምር። ትንሽ መደብ ላይ ሰው አይጥልም፣ አምስት ሰው ሆኖ ፍሎፕ ማየት የተለመደ ነው። 20 ካርታ ተይዟል ማለት ነው። ሦስት ስፔድ ቦርዱ ላይ ተዘርግቶ ትልቅ ገንዘብ ሲገባ የስፔድ ኤስ አንዱ እጅ ላይ እንዳለ ቁጠረው። የኩዊን ፍላሽ ትንሽ ፖት ይበላል፣ ትልቅ ፖት ያስበላል። እኔ ኤስ ያለበትን ዓይነት ነው የምፈልገው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በሁለት ዓይነት ከመጡማ በጣም ጥሩ። ኤስ ኤስ ኪንግ ኪንግ በሁለት ዓይነት ሲመጣ የሚወደደውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የስፔድ ኤስ ብቻውን ይዘህ ቦርዱ ላይ አራት ስፔድ ቢወጣ ፍላሽ የለህም። ይህ ስህተት እኔን ሁለት ጊዜ ሙሉ ቺፔን አስበልቶኛል።

መልስ፦ ማታ ተጫዋች

ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን «ደረቅ ኤስ ኤስ (ሌሎቹ ሁለት ካርታዎች የማይረዱት) ጣለው» ብለህ እንዳትረዳቸው። አልጥለውም። ብዙ ቺፕ ከፊቴ ካለና ሰዉ ሁሉ የሚከተል ከሆነ በ2 ቺፕ ገብቼ ሦስተኛ ኤስ እጠብቃለሁ፤ ካልመጣ እተወዋለሁ። ቺፔ ትንሽ ሆኖ ከፍሎፕ በፊት አብዛኛውን ማስገባት ከቻልኩ ግን በሙሉ ልብ ሬይዝ አደርጋለሁ። ያንተ ጥፋት ሬይዙ አይደለም፣ ከፍሎፑ በኋላ አለመልቀቅህ ነው።

ሳታስብ የምትጥለው፦ ሦስት አንድ ዓይነት ቁጥር። 10፣ 10፣ 10፣ ኪንግ ስታይ ያምራል፣ ግን የቀረልህ 10 አንድ ብቻ ነው። ትንንሽ ጥንዶችም እንደዚያው። 4 4 ይዘህ ሦስት 4 ብትሠራ ሌላው ሦስት 9 ይዞ ይጠብቅሃል።

ከሆልደም የመጣ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስድስቱን ጥንድ መቁጠር በጣም ገባኝ። ዛሬ የደረሱኝን ልፈትን፦ ኤስ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ 10፣ ኤስና ጃኩ ስፔድ። ሁለተኛው ኪንግ፣ ኪንግ፣ 9፣ 4፣ የተለያየ ዓይነት። ሦስተኛው ጃክ፣ 9፣ 8፣ 7።

ቀስ በቀስ

የመጀመሪያውን ከየትም ወንበር ግባበት። ሁለተኛውን ቀድመህ የምትናገር ከሆነ ጣለው፤ መጨረሻ የምትናገረው አንተ ከሆንክና ርካሽ ከሆነ እየው። ሦስተኛው ይጫወታል፣ ግን ክፍተቱ ላይኛው በኩል ነው። ጃክ፣ 10፣ 9፣ 7 ቢሆን እመርጥ ነበር፤ ክፍተቱ ታች ሲሆን የምትሠራው ስትሬት ብዙ ጊዜ ትልቁ ይሆናል።

ሦስተኛዋ ወንበር

በዚያ ላይ ዓይነታቸውን አልነገርከንም። የጃክ፣ 9፣ 8፣ 7 ዓይነት ስንት ነው?

ከሆልደም የመጣ

አራቱም የተለያዩ ነበሩ። ቀድሜም ነበር የምናገረው።

ሦስተኛዋ ወንበር

እንግዲያውስ ጣለው።