ጌሙ ሽፋን ላይ ያለው ቁጥር ሕግ ነው ወይስ ምክር?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ11 ዓመት ልጄ አንድ ጌም ግዙልኝ ብሎ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል። ሽፋኑ ላይ 18 የሚል ቁጥር አለ። የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ይጫወቱታል አሉ። ብገዛለት ሕግ ጣሽ ልባል ነው? ደግሞስ ተኩስና ደም ያለበት ጌም እውነት ልጅን ጨካኝ ያደርጋል? በሰው አገር ልጅ ያሳደጋችሁ እስቲ ንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ የት አገር እንዳለሽ አልጻፍሽም። መልሱ የሚለያየው ግን እዚያ ላይ ነው። 18 ካየሽ አውሮፓ ሳትሆኚ አትቀሪም። አሜሪካ ቢሆን «ኤም» (ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ማለት ነው) የሚል ፊደል ነበር የምታዪው።

እንግሊዝ ውስጥ ከ2012 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ፔጊ የሚባለው የአውሮፓ የጌም ዕድሜ መለኪያ 12፣ 16 እና 18 ምልክቶች የሕግ ጉልበት አላቸው። ባለሱቁ 18 የተባለውን ለልጅ ከሸጠ ይጠየቃል። ጀርመን ውስጥ ምልክቱን የሚሰጠው ዩኤስኬ የሚባል ድርጅት ነው፤ እዚያም ከ2003 ጀምሮ ሻጩ ምልክቱን የማክበር ግዴታ አለበት። ልብ በይ፣ ሕጉ በዋናነት የሚጠብቀው የሱቁን በር ነው። አንቺ ገዝተሽ ቤትሽ ካስገባሽ በኋላ ያለው ነገር ባብዛኛው ለአንቺ የተተወ ነው።

አሜሪካ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በ1992 ሞርታል ኮምባት የሚባል ጌም ወጣ። አሸናፊው የተሸናፊውን ጭንቅላት ከነአከርካሪው መዥርጦ ያወጣል። አገር ተንጫጫ። በ1993 መጨረሻ ሴናተር ሊበርማንና ሴናተር ኮል ጉዳዩን ሸንጎ ፊት አቀረቡት። የጌም ኩባንያዎቹ «መንግሥት ሳይቆጣጠረን ራሳችንን እንቆጣጠር» ብለው በ1994 ኢኤስአርቢ የሚባለውን የዕድሜ ደረጃ ሰጪ ቦርድ አቋቋሙ። ስለዚህ «ኤም» የምትለዋን ፊደል የሚለጥፈው ኢንዱስትሪው ራሱ ነው። ትልልቆቹ ሱቆች ለልጅ አንሸጥም የሚሉት በራሳቸው ደንብ እንጂ ሕግ አስገድዷቸው አይደለም።

ካሊፎርኒያ ሕግ ልታደርገው ሞክራ ነበር። በ2005 ጨካኝ ጌም ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሸጠ እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣ የሚል ሕግ አወጣች። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2011 ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ሕጉን ሻረው። ጌምም እንደ መጽሐፍ የመናገር ነፃነት ጥበቃ አለው ተባለ። ዳኛ ስካሊያ የልጆች ተረት ራሱ በደም የተሞላ ነው፣ በአንዱ ተረት ልጆቹ ጠንቋይዋን ምድጃ ውስጥ ከተው ይገድሏት የለም ወይ ሲሉ ጻፉ። ከተሸነፉት ዳኞች አንዱ ብሬየር ያነሱት ጥያቄ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ለ13 ዓመት ልጅ የራቁት ሴት ፎቶ ያለበት መጽሔት መሸጥ ክልክል ነው። ለዚያው ልጅ ሴት አስሮ፣ አሠቃይቶ የሚገድልበትን ጌም ግን መሸጥ ይቻላል። ይህ ምን ዓይነት ስሌት ነው? እኔ መልስ የለኝም፤ ልቤ ግን ከብሬየር ጋር ነው።

ጨካኝ ያደርጋል ወይ ላልሽው፣ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 ያወጣው አቋም ረጋ ያለ ነው። ከጨካኝ ጌም ጋር ጥቂት ግንኙነት የታየባቸው ነገሮች መጮህ፣ መገፍተር የመሳሰሉት ናቸው። ሰው ለመግደል ያደርሳል ለማለት ግን በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ትምህርት ቤት ውስጥ ተኩስ በተከፈተ ቁጥር ጌሙን ተጠያቂ ማድረግ ለፖለቲከኛ ይቀላል። ጠመንጃው ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ግን ያጣላል።

እኔን ከደሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚገደለው ማነው የሚለው ነው። በ2009 የወጣውን ሬዚደንት ኢቭል 5 ውሰጂ። ታሪኩ የሚካሄደው በአንዲት የፈጠራ አፍሪካዊ ከተማ ነው። ነጩ ጀግና በበሽታ አውሬ የሆኑ ጥቁር ነዋሪዎችን በጅምላ እየጣለ ያልፋል። ገና ማስታወቂያው በ2007 ሲለቀቅ ነው ውዝግቡ የተነሳው። የእኛ ልጅ ሶፋ ላይ ተቀምጦ በማን ዓይን እያነጣጠረ፣ ማንን እየተኮሰ ነው? ይህን የሚነግርሽ የዕድሜ ምልክት የለም። አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ማየት ነው እንጂ።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ማይኩ ነው፤ ልጁ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚያወራበትና የሚጣላበት ማለቴ ነው። በ2013 ቴክሳስ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት በጌም ምክንያት ሰው ጋር ተነታረከና ፌስቡክ ላይ ሕፃናት ትምህርት ቤት ገብቼ እተኩሳለሁ ብሎ ጻፈ። ቀልዴን ነው ቢልም ለወራት ታሰረ። በ2017 ደግሞ ካንሳስ ውስጥ፣ ዊቺታ ከተማ፣ ሁለት ሰዎች ኮል ኦፍ ዱቲ ላይ በ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ውርርድ ተጣሉ። አንዱ የድሮ አድራሻውን ሰጥቶ «ና እንተያይ» አለ። ሌላኛው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ለፖሊስ በሐሰት እንዲደውል አደረገና ፖሊስ ወደዚያ ቤት ተላከ። በሩን የከፈተው ስለ ጌሙ ምንም የማያውቅ የልጆች አባት ነበር። ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። ደዋዩ 20 ዓመት ተፈረደበት። ሰው የሞተው ከስክሪኑ ውጪ ነው እንግዲህ።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ወሬ አበዛህ። እኔ ቤት ጌም የሚባል አይገባም፣ አለቀ። ልጆቼም አልሞቱም።

መልስ፦ ቤትህ ነው፣ አከብራለሁ። ግን ልጁ ጓደኛው ቤት ሄዶ አይጫወትም ብለህ በሙሉ አፍህ ትናገራለህ? በተለይ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ክልከላው ብቻውን ያስደብቀዋል እንጂ አያስተወውም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንግሊዝ ነኝ። 18 የተባለውን አልገዛለትም፣ ወስኛለሁ። ግን ፎርትናይት አውርዶ ይጫወታል፤ እሱ ደም የለውም አይደል?

መልስ፦ ደም አይረጭበትም፣ ተኩሱ ግን አለ። ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። የአሜሪካ ንግድ ኮሚሽን በ2022 የፎርትናይትን ባለቤት ኤፒክን በልጆች የግል መረጃ ጉዳይ 275 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ከክሱ አንዱ የድምፅና የጽሑፍ ቻቱ ገና ሲከፈት ጀምሮ ለማያውቁት ሰው ክፍት ነበር የሚል ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ኮንሶሉን ክፈቺና አካውንቱ ላይ የልደት ዓመቱን እዪ። ብዙ ልጅ 18 ዓመት አልፎኛል ብሎ ነው የሚመዘገበው። እንደዚያ ከሆነ የልጆች መቆለፊያው አይሠራም። በአንቺ ስም ሥር አዲስ የልጅ አካውንት ክፈችለት፣ ቻቱን ከሚያውቃቸው ጓደኞች ጋር ብቻ አድርጊው፣ የይለፍ ቁጥሩን ደግሞ እንዳትነግሪው። ያለቅሳል። የት ላይ እንደሚቀየር ካጣሽው የኮንሶሉን ዓይነት ጻፊልኝ፣ ደረጃ በደረጃ እነግርሻለሁ።