የያን ግሮስን «ጎረቤቶች» ለአማርኛ አንባቢ ስናስተዋውቅ ክርክሩን እንዴት በሚዛን እናቅርበው?

ብራና (ጠያቂ)

ለአንባብያን ሁሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በየወሩ አንድ የታሪክ መጽሐፍ እየመረጥን የምንወያይ ሰባት ሰዎች ነን፤ ከውይይቱ አስቀድሞ ከመካከላችን ባለተራው የመጽሐፉን ይዘትና ያስነሣውን ክርክር በሁለት ገጽ ጽፎ ያድለናል። በዚህ ወር ተራው የእኔ ነው፤ መጽሐፉም በፖላንድኛ በ2000፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ በ2001 የታተመው የታሪክ ጸሐፊው የያን ቶማሽ ግሮስ «ጎረቤቶች» ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ላላነበቡት ባጭሩ ልግለጽ። በሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ በምትገኘው ዬድቫብኔ በተባለች ትንሽ ከተማ ጁላይ 10 ቀን 1941 የከተማዋ አይሁድ ከየቤታቸው ተለቅመው ገበያው አደባባይ ላይ ተሰበሰቡ፤ ከተደበደቡና ከተዋረዱ በኋላም እህልና ገለባ በሚከማችበት የእንጨት ቤት ውስጥ ተዘግቶባቸው በእሳት አለቁ። ከተማዋ በጀርመን ጦር እጅ ከገባች ገና ሦስት ሳምንት አልሞላትም ነበር። ግሮስ የሚለው፣ ይህን ያደረጉት ጀርመኖች ሳይሆኑ ከአይሁዱ ጋር አብረው የኖሩ የከተማዋ ፖላንዳውያን ናቸው ነው። የሟቾቹን ቁጥርም 1,600 ያደርሰዋል።

ረቂቄን ለሁለት ጓደኞቼ ባሳያቸው ሁለቱም አልወደዱትም። አንዱ «ቁጥሩ በኋላ ወደ 340 ወርዷል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር መጽሐፉ የተጋነነና ውድቅ የተደረገ መሆኑን መናገር አለበት» ይላል። ሁለተኛዋ ደግሞ ትችቱ ከፖላንድ ብሔርተኞች የመጣ ስለሆነ ቦታ መስጠት ሟቾቹን እንደ መስደብ ይቆጠራል ብላ ትከራከራለች። እኔም መሐል ቆሜ አንዱን ገጽ ለመጽሐፉ፣ ሌላውን ለተቺዎቹ ላካፍል አሰብሁ፤ ነገር ግን ይህ ጸብ ማብረጃ እንጂ ፍትሐዊ አቀራረብ አልመሰለኝም። እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትጽፉት ነበር?

ቀለም ቀንድ

ወንድሜ ብራና፣ ያሳሳታችሁ መጽሐፉን እንደ አንድ ዕቃ አይታችሁ «ይጸናል ወይስ ይወድቃል?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ይመስለኛል። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት አባባሎች ብዙ ናቸው፤ ከታተመ በኋላ የደረሰባቸውም ዕጣ የተለያየ ነው።

የፖላንድ ብሔራዊ መታሰቢያ ተቋም በመጽሐፉ መነሻነት የከፈተውን የወንጀል ምርመራ ውጤት በ2002 በዐቃቤ ሕጉ በራዶስዋቭ ኢግናቴቭ በኩል ሲገልጽ፣ ግድያውን በእጃቸው የፈጸሙት ከ40 የማያንሱ የዬድቫብኔና የአካባቢዋ ፖላንዳውያን ወንዶች መሆናቸውን አረጋግጧል። የመጽሐፉ ዋና ነገር ይህ ነው፤ ያረጋገጠውም የግሮስ ወዳጅ ሳይሆን የፖላንድ መንግሥት ተቋም ነው። ይህን ውጤት የያዘን መጽሐፍ «ውድቅ የተደረገ» ብሎ መጀመር ሐሰት ነው።

በሌላ በኩል ግሮስ የጀርመኖችን ድርሻ ከዳር ቆሞ ፎቶግራፍ ከማንሣት እምብዛም ያለፈ አድርጎ አላየውም ነበር። ምርመራው በዚህ አልተስማማም፤ ጥቂት ጀርመኖች በቦታው እንደነበሩ፣ ድርጊቱም በእነሱ አነሣሽነት እንደተፈጸመ ደምድሟል። እዚህ ላይ የናዚ ጸጥታ ፖሊስ አዛዥ ራይንሃርድ ሃይድሪሽ ጁን 29 ቀን 1941 ያስተላለፈውን መመሪያ ማስታወስ ይጠቅማል። መመሪያው የየአካባቢው ሕዝብ በአይሁድና በኮሚኒስቶች ላይ የሚያነሣው «ማጽዳት» እንዳይደናቀፍ፣ ይልቁንም ዱካ ሳይተው እንዲቀሰቀስ የሚያዝ ነበር። በዬድቫብኔ የተጻፈ የጀርመን ትእዛዝ አለመገኘቱ ጀርመኖች ነጻ ለመሆናቸው ማስረጃ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ጓደኛህ 340ን እንደ ቁርጥ ያለ ልክ መያዙ ትክክል አይደለም። ተቋሙ ያለው «ከ340 የማያንሱ» ነው። በ2001 በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ የተደረገው ቁፋሮ የቆየው ለጥቂት ቀናት ነበር፤ የሙታንን ዐጽም ማንቀሳቀስ በአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕግ ስለማይፈቀድም ሳይጠናቀቅ ተቋርጧል። ደግሞም 1,600 የሚለውን ቁጥር ግሮስ ከራሱ አላፈለቀውም፤ መጽሐፉ ከመጻፉ ከብዙ ዓመታት በፊት በቦታው በቆመው የኮሚኒስቱ ዘመን የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ የነበረ ቁጥር ነው። ያው ድንጋይ ገዳዮቹን ጌስታፖ (የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ) እና የሂትለር ጃንደርማ (የጀርመን የገጠር ፖሊስ) ይላቸው ነበር። ስለዚህ ግሮስ የድንጋዩን ጽሑፍ ገዳዩን በሚመለከተው ክፍል አርሞ፣ ቁጥሩን በሚመለከተው ክፍል ሳያርም ተቀበለ ማለት ነው። በእኔ ግምት ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ብትጽፍ ከግማሽ ገጽ ክርክር የበለጠ ይነግራል።

የሽሮ ሜዳው

ከቀለም ቀንድ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም የተቺዎቹን ነገር አለፈው። እኔ በሙያዬ ጠበቃ ነኝ፤ መጽሐፉን ሳነብ ከቁጥሩ ይልቅ ያሳሰበኝ የማስረጃው አመዛዘን ነው።

ግሮስ በዋናነት የተደገፈው ሽሙል ቫሰርሽታይን የተባለ ከእልቂቱ የተረፈ ሰው በአፕሪል 1945 በቢያዊስቶክ ከተማ ለነበረው የአይሁድ ታሪክ ኮሚሽን በሰጠው ቃልና በ1949 በዎምዣ ከተማ በ22 ተከሳሾች ላይ በተካሄደው የፍርድ ሂደት መዝገብ ላይ ነው። ተቺዎቹም እነዚህን ሁለቱን ነው የያዙት። ቫሰርሽታይን በዚያ ቀን ተደብቆ ስለነበር የተናገረውን ሁሉ በዓይኑ ሊያይ አይችልም ይላሉ። የ1949ኙን መዝገብ በተመለከተም፣ ከተከሳሾቹ በርካታዎቹ በምርመራ ጊዜ የሰጡትን ቃል ችሎት ፊት ሲቀርቡ ተደብድበን ነው በማለት ክደውታል፤ ያን ዘመን የኮሚኒስቱ የደኅንነት መሥሪያ ቤት እንዴት ቃል ይቀበል እንደነበር ለማንም ግልጽ ነው። ይህን ያነሣ ሰው ሁሉ ብሔርተኛ አይባልም። ከተቺዎቹ አንዱ ቶማሽ ስትሼምቦሽ ስለ ፖላንድ የኅቡዕ ትግል ብዙ የጻፈ ስመ ጥር የታሪክ ምሁር ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው «አንዳንድ ብሔርተኞች» በሚል መጠቅለያ ውስጥ ከቶ ማለፍ ሚዛን ማጉደል ነው።

ከዚህ ሁሉ የሰፋው ክርክር ደግሞ ግሮስ ያቀረበው የአሠራር ሐሳብ ነው። ከእልቂት የተረፈ ሰው የሚሰጠው ቃል፣ የሚያፈርሰው አሳማኝ ነገር እስኪገኝ ድረስ በመርሕ ደረጃ እንደ እውነት ሊያዝ ይገባል ይላል። ምክንያቱም አለው፤ ከሞቱት አንዳቸውም ሊመሰክሩ አይችሉም፣ የተረፉት ደግሞ ሊናገሩ የሚችሉት ከመከራው በጥቂቱ ነው። በሙያዬ የለመድሁት ምስክሩ አስቀድሞ እንዲፈተን ስለሆነ ሐሳቡ አልተዋጠልኝም። ነገር ግን ቁፋሮው ያስገኘውን ሳነብ ትንሽ ቆም ብዬ እንዳስብ አድርጎኛል። ምስክሮች፣ ከቃጠሎው በፊት ጥቂት ወንዶች የሌኒንን ሐውልት አፍርሰው በሰልፍ እንዲሸከሙ ተደርገው ከተገደሉ በኋላ ከነስብርባሪው ተቀበሩ ብለው ነበር። በ2001 ቁፋሮው ሲካሄድ በተቃጠለው ቤት መሠረት ውስጥ በተገኘው መቃብር የሌኒን ሐውልት ስብርባሪ ከዐጽሙ ጋር ተገኘ። ተራ ወሬ የመሰለው ዝርዝር እውነት ሆነ።

የዚያኑ ቁፋሮ ሌላ ገጽታም ላንሣ። በቦታው የጥይት ቀለሃዎች ሲገኙ «እንግዲያው የገደሉት ጀርመኖች ናቸው» የሚል ዜና ወዲያው ተናፈሰ፤ በኋላ ሲመረመሩ ግን ከዚያ ቀን ድርጊት ጋር እንደማይገናኙ ታወቀ። እስከ ዛሬ የመጀመሪያውን ዜና ብቻ እየጠቀሰ የሚከራከር አለ። ስለዚህ ብራና፣ ማን ምን አለ ከሚለው ጋር መቼ አለ የሚለውንም ጻፍ። የ2001 ትችት ከ2002ቱ ምርመራ በኋላ የቆመ ትችት አይደለም፤ የተወሰነው ጸንቷል፣ የተወሰነው ረግፏል።

እናት ዓለም

እኔ የትርጉም ሥራ የምሠራ ሰው ስለሆንሁ ስለ አማርኛው ጥቂት ልበል። የብራናን አጭር መግለጫ ደግማችሁ አንብቡት። «ተለቅመው»፣ «ተሰበሰቡ»፣ «ከተደበደቡና ከተዋረዱ በኋላ»፣ «ተዘግቶባቸው»፣ «አለቁ» ይላል። አንድም ቦታ አድራጊው የለም። አድራጊው የመጣው በሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው፤ ያውም «ግሮስ የሚለው» ከሚል በኋላ፣ እንደ አንድ ሰው አስተያየት ሆኖ። አማርኛችን በተደራጊ ግሥ ገዳይን መደበቅ ይችልበታል፤ አንድ ፊደል ጨምሮ መንደር ሙሉ ሰው ከተጠያቂነት ያወጣል። ብራና ሆን ብሎ እንዳላደረገው አውቃለሁ።

በነገራችን ላይ ዬድቫብኔ ራሷ ያደረገችው ይህንኑ ነው። በ2001 አሮጌው ድንጋይ ተነሥቶ በቆመው አዲስ መታሰቢያ ላይ፣ በዚያ ስፍራ የተገደሉትና በሕይወት ሳሉ የተቃጠሉት የዬድቫብኔና የአካባቢዋ አይሁድ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ይታወሳሉ። ማን እንዳቃጠላቸው ግን አልተጻፈም። ቁጥርም የለም። በዚያው ዓመት ጁላይ 10 ቀን የፖላንድ ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ክቫሽኔቭስኪ እዚያው ቦታ ላይ ቆመው በራሳቸውና ኅሊናቸው በቆሰለባቸው ፖላንዳውያን ስም ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ድንጋዩ ያልተናገረውን አፋቸው ተናገረ።

ሁለተኛው ነገር «ፖላንዳውያን ገደሏቸው» የሚለው አነጋገር ነው። በአማርኛ እንዲህ ሲባል ሕዝቡ በሙሉ የገደለ ይመስላል። ከዬድቫብኔ ብዙም በማይርቅ መንደር አንቶኒና ቪዢኮቭስካ የተባለች ገበሬ ከባሏ ጋር ሰባት አይሁድ ደብቃ አትርፋለች፤ የሽሮ ሜዳው የጠቀሰው ቫሰርሽታይንም ከእነዚያ ሰባቱ አንዱ ነው። እሷም ፖላንዳዊት ናት። ከጦርነቱ በኋላ አይሁድ አስጠግተሻል ብለው የደበደቧትም ፖላንዳውያን ናቸው። ስለዚህ «የከተማዋና የአካባቢዋ ነዋሪ የሆኑ ፖላንዳውያን ወንዶች» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ ይረዝማል፣ ነገር ግን የሌላውን ኃጢአት ለእሷ አያሸክማትም።

የመጨረሻው የሶቪየት ጉዳይ ነው። አካባቢው ከ1939 መኸር እስከ ጁን 1941 በሶቪየት ይዞታ ሥር ነበረ፤ ስትሼምቦሽና ሌሎችም አንዳንድ አይሁድ ከሶቪየት ጋር መተባበራቸውን በስፋት ያነሣሉ። ይህ መጻፍ አለበት፣ ምክንያቱም በተቺዎቹ ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው። ነገር ግን «አይሁድ ከሶቪየት ጋር ተባብረው ስለነበር ተገደሉ» ብለህ በ«ስለ» ካያያዝኸው ዘመኑን መግለጽህ ቀርቶ ለገዳዮቹ መከላከያ አቀረብህላቸው ማለት ነው። እሳቱ ውስጥ ሕፃናት ነበሩ።

ብራና (ጠያቂ)

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእናት ዓለምን አስተያየት ሳነብ በራሴ አፍሬያለሁ፤ ያንን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አንብቤው አንድም ጊዜ አልታየኝም ነበር። መግቢያውን እንዲህ ለውጬዋለሁ፦

«ጁላይ 10 ቀን 1941 የዬድቫብኔና የአካባቢዋ ነዋሪ የሆኑ ፖላንዳውያን ወንዶች በጀርመኖች ትእዛዝ የከተማዋን አይሁድ ሰብስበው በእህል ማከማቻ ቤት ውስጥ አቃጠሏቸው። ያን ግሮስ በ2000 ይህን ይፋ ሲያወጣ ከፍተኛ ክርክር ተነሣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይፋ የሆነው የፖላንድ ብሔራዊ መታሰቢያ ተቋም ምርመራ ስለ ገዳዮቹ ማንነት የግሮስን ቃል ሲያጸና፣ የጀርመኖችን ድርሻ ከእሱ አስፍቶ አስቀምጧል፤ እሱ 1,600 ያላቸውን ሟቾችም ከ340 የማያንሱ ብሏቸዋል፤ ቁፋሮው ግን አልተጠናቀቀም። ግሮስ የተረፉ ሰዎችን ቃል የተቀበለበት መንገድ በታሪክ ምሁራን ዘንድ እስካሁን ያከራክራል።»

«አወዛጋቢ» የሚለውን ቃል አውጥቼዋለሁ። ውዝግቡን ከነዝርዝሩ ከተናገርሁ በኋላ ስሙን መለጠፉ ትርፍ ሆነብኝ።

ቀለም ቀንድ

በጣም ተስተካክሏል። አንድ ቃል ብቻ፦ «በጀርመኖች ትእዛዝ» የሚለውን «በጀርመኖች አነሣሽነት» በለው። ታዝዘው ነው ማለት የ1949ኙ ተከሳሾች መከራከሪያ ነበር፤ ተቋሙ ግን የፖላንዳውያኑ ሚና ወሳኝ እንደነበረ ነው የደመደመው። «ይፋ ሲያወጣ» የሚለውንም ብታስብበት መልካም ነው፤ የቫሰርሽታይን ቃልና የዎምዣው መዝገብ ከግሮስ በፊት ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል መዝገብ ቤት ተቀምጠው ነበር፣ የከተማዋም ሰው ያውቀው ነበር።