ማይግሬን ያለባት ነፍሰ ጡር ምን ትውሰድ?

ጠያቂ፦ ያለሁት ጅማ ነው፣ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ማይግሬኑ ድሮም ነበረብኝ፣ ካፈርጎት ስውጥ ይተወኝ ነበር። አሁን ምን ይሻላል? እናቴ ጤና አዳም አፍልተሽ ጠጪ ትላለች።

ፋርማሲስት፦ ካፈርጎቱን እርሺው። ውስጡ ያለው ኤርጎታሚን ማህፀን ያኮማትራል፣ ወደ ፅንሱ የሚሄደውንም ደም ይቀንሳል። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ አይሆኑሽም፤ የፅንሱን ኩላሊት ነክተው የእንሽርት ውሃውን ያሳንሱታል። ሆድሽ በነጠላ ከተሸፈነ ሻጩ ላያውቅ ስለሚችል እርጉዝ መሆንሽን ቀድመሽ ተናገሪ።

ላንቺ የሚሆነው ፓራሲታሞል ነው፦ ባለ 500 ሚሊግራሙን 2 ፍሬ፣ ገና ሲጀምርሽ። ማይግሬን ሲበረታ ጨጓራ ሥራውን ያቀዘቅዛል፣ ዘግይቶ የተዋጠ ኪኒን እዚያው ይቀመጣል። «ፓራሲታሞል አይዘኝም» የሚሉት ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው። ካስፈለገ ከ6 ሰዓት በኋላ ድገሚው፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ እንዳያልፍ። ከ50 ኪሎ በታች ከሆንሽ ወይም የጉበት ችግር ካለብሽ መጠኑ ስለሚያንስ ጠይቂ። ብዙ የጉንፋን ኪኒን ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ እንዳትደርቢ። በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ካስፈለገሽ ሐኪም ይይሽ፣ መድኃኒቱ ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።

ሌላ አባል፦ ቡናውንም ዛሬውኑ አቁሚ።

ፋርማሲስት፦ ዛሬውኑ አይሆንም! ለለመደ ሰው ቡና ድንገት ሲቀር በማግስቱ ራስ ይፈልጣል። ጅማ ተቀምጦ ቡና ተዪ ማለትም ለተናጋሪው ነው የሚቀለው። ቀስ እያልሽ ቀንሺና በቀን አንድ ሁለት ስኒ ላይ ቁሚ፤ ካፌይኑ ከ200 ሚሊግራም ባይበልጥ ነው። ዕጣኑን ግን ጠርጥሪ። ማይግሬን ሽታ አይወድም፤ ጭስ ሳይኖር ጠጥተሽ ልዩነቱን እዪ።

ጤና አዳሙ ይቅር። ማህፀን ያነሳሳል፤ ተፍልቶ ሲጠጣ ደግሞ ስኒ ላይ ጣል ከሚደረገው ቅጠል እጅግ ይበረታል።

ሚድዋይፍ፦ ዋናው ተረሳ፦ ግፊት። ከ20 ሳምንት በኋላ የመጣ አዲስ ወይም ከለመድሽው የተለየ ራስ ምታት «ያው ማይግሬኔ ነው» ተብሎ አይታለፍም። የማይግሬን ብልጭልጭታ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ቆይቶ ይጠፋል። ዓይንሽ ብዥ ብሎ ከቀረ፣ በቀኝ የጎድን አጥንትሽ ሥር ካመመሽ፣ ፊትና እጅሽ ድንገት ካበጠ ቀጠሮ አትጠብቂ። 140/90 ከደረሰ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሽንትሽ ለፕሮቲን ይታይ፤ 160/110 ከሆነ በቀጥታ ሆስፒታል፣ ሌሊትም ቢሆን።

ጠያቂ፦ በባለፈው ቀጠሮዬ 110/70 ነበር።

ሚድዋይፍ፦ ጥሩ ነው፣ ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው የሚነግርሽ። ራስሽን ባመመሽ ቁጥር ተለኪ። ዳገት ወጥተሽ እንደደረስሽ አይሁን፤ 5 ደቂቃ ጀርባሽን አስደግፈሽ ተቀመጪ፣ ክንድሽ በልብሽ ትይዩ ይረፍ። ከወለድሽም በኋላ እስከ 6 ሳምንት ድረስ እንዲሁ ነው።