የልጄ የክትባት ካርድ ውሃ ገባበት፣ ምን ይሻለኛል? (ጎንደር)

የማራኪዋ፦ ሰላም ጎንደሬዎች፣ እንኳን አደረሳችሁ። ልጄ 11 ወሩ ነው፣ ጥቅምት ላይ ነው የተወለደው። አዘዞ እያለን እስከ 3 ወር ተኩል ያለውን ክትባት እዚያው ጤና ጣቢያ አስከተብኩት፣ ከዚያ ወደ ማራኪ ቤት ቀየርን። ነሐሴ ላይ ጣራው አፈሰሰና ካርዱ ያለበት ፌስታል ውሃ ሞላ። አሁን የሚነበበው ሲወለድ የተወጋው ቢሲጂ (የቲቢው) እና የ45 ቀኑ ብቻ ነው፣ ከዚያ በታች ያለው እስክሪብቶ ተሟሙቶ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆኗል። የኩፍኙን ደግሞ ሐምሌ ላይ ሰፈር ድረስ በዘመቻ መጥተው ነው የወጉት፣ ካርዱ ላይ አልተጻፈም። እዚህ ጤና ጣቢያ ብሄድ «ካርድ አምጪ» ብለው መለሱኝ። ምን ላድርግ?

አባ ወራ፦ እህቴ አትድከሚ፣ ከአንድ አስጀምሪው። ካርድ ከሌለ እንዳልተከተበ ነው የሚቆጠረው።

ክትባት ክፍል፦ ኧረ ወንድሜ ቀስ በል። እኔ የምሠራው እዚሁ ሙያ ላይ ነው። የ45 ቀኑ ካርዱ ላይ እየተነበበ ለምን ይደገማል? መሃል ላይ የተቋረጠ ክትባት ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከአንድ አይጀመርም፣ ቢዘገይም እንኳ። እንደ አዲስ የሚሰጠው በካርድም በመዝገብም ምንም ማስረጃ ያልተገኘለት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ልጁ ቀድሞ ወስዶት ኖሮ ቢደገም አይጎዳውም፣ ስለዚህ ያ አያስጨንቅሽ።

አሁን ወደ አንቺ። ካርዱ የእናት ኮፒ ነው፣ ዋናው ጤና ጣቢያው ያለው የክትባት መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር አለው፤ ቢሲጂ፣ የፖሊዮ ጠብታ፣ ፔንታ (አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው)፣ የሳንባ ምች፣ ሮታ (የተቅማጡ)፣ ኩፍኝ ሁሉ ከነቀኑ እዚያ ይሰፍራል። አዘዞ ሂጂና የልጁን መስመር አስፈልጊ። ከዚያ አዲስ ካርድ ላይ ገልብጠው ማህተም ያድርጉልሽ። የራሰውን ካርድ ግን እንዳትጥይው፣ ጥግ ላይ ያለው ቁጥር ከተነበበ ፍለጋው በጣም ይቀልላል።

የማራኪዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግን በልጁ ስም ነው የሚፈልጉት? ያኔ እኮ ስም አልወጣለትም ነበር።

የሦስት ልጆች እናት፦ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚለፋው! የእኔን ሁለተኛ ልጅ በስሙ ፈልገን ፈልገን አጣነው፣ ለካ «ሕፃን» ተብሎ በእኔ ስም ነው የተጻፈው። ክርስትና ሳይነሳ የተመዘገበ ልጅ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው። የአንቺን ሙሉ ስም፣ የተወለደበትን ቀንና የመጀመሪያውን መርፌ የተወጋበትን ወር ያዢ። መዝገቡ የሚሞላው በመጡበት ቅደም ተከተል ነው፣ ወሩን ካወቅሽ ገጹ ቶሎ ይገኛል። ጠዋት ሰልፉ ሲበዛ አትሂጂ፣ ያኔ ማንም አያይሽም፣ እናቶቹ ቀነስ ሲሉ ግቢ።

ክትባት ክፍል፦ ትክክል ብላለች። ስለ ኩፍኙ ልጨምር። የዘመቻ ክትባት የመደበኛውን አይተካም፣ ተጨማሪ ነው። ስለዚህ የ9 ወሩን አሁን ይውሰድ፣ ከሐምሌ ወዲህ 4 ሳምንት ስላለፈ ችግር የለውም። ስትሄጂ ግን መጀመሪያ ቀኑን ጠይቂ። የኩፍኝ ብልቃጥ የብዙ ልጆች ነው፣ አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ለዚህ ነው ብዙ ቦታ ቀን ለይተው ልጆችን ሰብስበው የሚከትቡት፣ «ነገ ነይ» ሲሉሽ ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም (አንዳንዴ ግን ነው 😅)።

ከስደት፦ እኔም አንድ ነገር ልበል፣ ወደ ውጭ የመሄድ ሐሳብ ላላችሁ። ካርዱ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው። የእህቴን ልጅ እዚህ ያየው ሐኪም ግራ ገባው፣ 2017 የሚለውን በፈረንጅ አንብቦት ልጁ ሳይወለድ የተከተበ መሰለው። ጥር 1 ቀን 2017 ማለት በፈረንጅ ጃንዋሪ 9 ቀን 2025 ነው። ከመምጣታችሁ በፊት ጤና ጣቢያው ራሱ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ማህተም ያድርግበት፣ በራሳችሁ እስክሪብቶ የጻፋችሁትን ማንም አያምንም።

አባ ወራ፦ እሺ ተማርኩ። ፎቶ ማንሳት አይበቃም እንዴ?

የሦስት ልጆች እናት፦ ፎቶው መጠባበቂያ ነው። እኔ መርፌ በተወጉ ቁጥር እዚያው ወንበር ላይ ካርዱን አነሳና ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልካለሁ፣ ስልክ ቢጠፋም አይጠፋም። ካርዱን ደግሞ ላስቲክ አልብሱት።

የማራኪዋ፦ ተገኘ! በእኔ ስም፣ «ሕፃን» ተብሎ። ፔንታ ሦስቱም አለ፣ የ3 ወር ተኩሉም ተሞልቷል። አዲስ ካርድ ጻፉልኝ፣ ኩፍኙን እዚሁ ማራኪ ማክሰኞ ነይ ብለውኛል።

ክትባት ክፍል፦ ጎሽ። የ15 ወሩ ሁለተኛው ኩፍኝ ጥር ላይ ነው የሚደርሰው፣ የጥምቀት ግርግር ውስጥ እንዳይረሳ ቀጠሮውን ማክሰኞ ዕለት ካርዱ ላይ አስጽፊው።