«በሞቴ» ስባል ምን ልመልስ?

የአለታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያደግኩት አለታ ወንዶ ነው። ቤታችን የሚነገረው ሲዳምኛ ነበር፤ አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። አሁን አግብቼ ሐዋሳ፣ አቶቴ እኖራለሁ። አማቴ ደግ ሴት ናቸው። ገበታ ላይ ግን ያስጨንቁኛል። እሁድ ጠግቤ እጄን ስሰበስብ ጉርሻ ይዘው «በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ» አሉኝ። ደነገጥኩ። ያመማቸው መስሎኝ «ምን ሆኑ እማማ?» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እናቴ ገበታ ላይ ሞትን ስታነሳ ሰምቼ አላውቅም። ምን ማለታቸው ነው? ምንስ ይመለሳል?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ መደንገጥሽ አይገርምም። ቃሉ ከባድ ነው። «በሞቴ» ማለት «በሞቴ ይዤሻለሁ» ነው። አጥብቆ የሚለምን ሰው መያዣ የሚያደርገው የሚከብደውን ነገር ነው። እማማ ሞታቸውን አስያዙ። «አፈር ስሆን» ደግሞ ራስን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ከእግርሽ ሥር አፈር ልሁን እንደማለት። ሞት ተጠራ እንጂ ወሬው ስለ አንቺ ነው።

መሐላውም እንዲሁ ነው። በጃንሆይ ዘመን ሰው «ኃይለ ሥላሴ ይሙት!» ብሎ ይምል ነበር። ንጉሡ እንዲሞቱ ተመኝቶ አይደለም። ብዋሽ ትልቁን ነገር ልጣ ማለቱ ነው። ዛሬም ልጆቹ «እናቴ ትሙት» ሲሉ ያው ነው። እኔ ይሄኛውን አልወደውም፤ ለትንሽ ትልቁ ይነሳል። የእማማ ግን ፍቅር ነው፣ አትጠራጠሪ።

ቡና አፍዪዋ፦
መልሱን እኔ ልንገርሽ እህቴ። «ኧረ አይሙቱብኝ!» ትያለሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ ትቀበያለሽ። በቃ። ሁለተኛው ጉርሻ መምጣቱ አይቀርም፤ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀስ ብለሽ ብዪ፣ ቦታ አስቀሪ። እኔም ሙሽራ ሆኜ ያወጣኝ እሱ ነው።

ሌላም አስተውዪ። «ብዪ» እና «ብዪልኝ» አንድ አይደሉም። «ብዪልኝ» ካሉሽ መብላትሽ ለሳቸው ደስታ ነው ማለት ነው። ስትጨርሺ «እጅዎ ይባረክ» ማለት እንዳትረሺ። እንጀራውን የጋገሩት እሳቸው ናቸዋ!

የአለታዋ፦
ትናንት ሄጄ «ኧረ አይሙቱብኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና ግንባሬን ሳሙኝ። ጉርሻው ሦስት ደረሰ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቡና ላይ ዘግይቼ ስገባ ሰዉ ብድግ ብሎ «ኖር» ይለኛል። ምን ልበል?

ጡረተኛው መምህር፦
«በእግዚአብሔር!» በይ። በእግዚአብሔር ይዣችኋለሁ፣ አትነሱልኝ ማለት ነው። ያቺው የ«በሞቴ»ዋ «በ» ናት። ፈጠን ብለሽ በያት፣ ሽማግሌዎቹ ሙሉ በሙሉ ሳይነሱ።