ትሮትል ቦዲውን ካሰፋሁ በኋላ ሞተሩ እምቢ አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የአባቴ ባለ አራት ጎማ ሞተር፣ ኤቲቪ የሚሉት፣ ጉልበት አንሶት ነበር። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ትሮትል ቦዲውን፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር የሚያልፍበትን ክፍል፣ ቶርኖ ቤት ወስጄ ከ38 ወደ 42 ሚሊ ሜትር አሰፋሁት። ውስጡ ያለችውን፣ አየሩን የምትከፍትና የምትዘጋ ክዳን፣ ቢራቢሮዋንም በልኩ አሠራሁ።

ሚኒሞ ላይ ደህና ነው። ቀስ ብዬ ስነዳም አያስቸግርም። ድንገት ጋዝ ስሰጠው ግን ትንፋሹ ቁርጥ ይላል። ማርሚታው ይተኩሳል፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። ካንዴላውን ፈትቼ ሳየው ነጭ ሆኗል። የቤንዚን ማነስ ነው።

እንደገባኝ የሞተሩ ኮምፒውተር ቤንዚን የሚመጥነው በቢራቢሮዋ አከፋፈት ነው። የቀዳዳው የአየር ማለፊያ ስፋት በ22 በመቶ ጨምሯል፤ ኮምፒውተሩ ግን አሁንም የድሮው መስሎታል። አየሩ ጨመረ፣ ቤንዚኑ አልተከተለም።

የቤንዚን መቆጣጠሪያ ሳጥን ብገጥምለት ይበቃል? ወይስ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ራሱ እንደገና መጻፍ አለበት? ወይስ የቢራቢሮዋን አከፋፈት የሚለካውን ሴንሰር መጀመሪያ ላስተካክል?

ፒስተኑ እንዳይቃጠል ፈርቼ መንዳት አቁሜአለሁ። አባቴ በየቀኑ ይጠይቀኛል። ጎንደርም ሆነ ባሕር ዳር ይህን የሚችል መካኒክ ካለ ጠቁሙኝ።