የስኳሩ ሙከራ ለምን ሰማያዊ ሆኖ ቀረ? የኤስተር፣ የአማይድና የስኳር ትስስርም ተምታቶብኛል

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንደኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል፤ አንዱ የወረቀት፣ ሌላው የቤተ ሙከራ።

የወረቀቱ ይህ ነው። ባለፈው ፈተና በሱክሮስ (በተራው ስኳር) ውስጥ ግሉኮስንና ፍሩክቶስን የሚያያይዘው ትስስር ምን ዓይነት እንደሆነ ተጠይቀን «ኤስተር» ብዬ ጽፌ ተሰረዘብኝ። ሁለት ካርቦኖች በኦክስጅን ድልድይ ተያይዘዋል፤ ሲሠራ ውሃ ይወጣል፣ ሲፈርስ ውሃ ይገባል። ኤስተርም እንዲሁ አይደለም እንዴ? መጽሐፉ ደግሞ ኤስተርና አማይድ በአሲድም በቤዝም ይፈርሳሉ፣ ሱክሮስ ግን በአሲድ ብቻ ይላል። ምክንያቱን አልጻፈም።

በቤተ ሙከራ ደግሞ ስኳር በውሃ አሟሙቼ፣ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምሬ፣ በፈላ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ አቆየሁት። ከዚያ ነጻ ግሉኮስ ወይም ፍሩክቶስ መኖሩን የሚያሳየውን ሰማያዊውን የቤኔዲክት ፈሳሽ ጨምሬ እንደገና አሞቅሁት። ጡብ የመሰለ ቀይ ዝቃጭ መታየት ነበረበት። ሰማያዊነቱ ትንሽ ገረጣ እንጂ ምንም አልመጣም። ሪፖርቱን ከነገ ወዲያ አስረክባለሁ።

የቀድሞ ተማሪ፦
ቤኔዲክቱ ያረጀ ይሆናል። እኛ የተማርንበት ጠርሙስ ከመደርደሪያው ሳይወርድ ስንቱን ተማሪ አስመርቋል። በአዲስ ሞክሪው።

የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን፦
ወንድሜ፣ በጠርሙሱ ላይ አንፍረድ። በየጊዜው ከሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚዘጋጀው ፌሊንግ የሚባለው ሌላው የስኳር መመርመሪያ ነው፤ ቤኔዲክት ግን ተዘጋጅቶ ብዙ ጊዜ ይቆያል። እህቴ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ቤኔዲክቱን ስትጨምሪ ቱቦው አረፋ አወጣ?

ጠያቂዋ፦
አዎ፣ ተንተከተከ! ቱቦው ገና ትኩስ ስለነበር የፈላ መስሎኝ ዝም አልኩ።

የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን፦
አልፈላም። ቤኔዲክት ውስጥ ሶዲየም ካርቦኔት አለ። አንቺ ያስቀረሽው አሲድ ካርቦኔቱን በላው፤ የወጣው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ግሉኮሱና ፍሩክቶሱ መዳቡን ወደ ቀዩ ኦክሳይድ የሚለውጡት ፈሳሹ ቤዝ ሲሆን ብቻ ነው። ስኳሩ በትክክል ፈርሶልሻል፤ ምስክሩን ግን አፉን ዘግተሽበታል።

ስለዚህ አሲዱን ካሞቅሽ በኋላ ቱቦው ቀዝቀዝ ይበል። ቢካርቦኔት ጥቂት በጥቂት ጨምሪበት፣ አረፋው እስኪቆም። አሲዱ ማለቁን በሊትመስ ወረቀት አረጋግጪ። ቤኔዲክቱን ከዚያ በኋላ ነው የምታስገቢው፤ በፈላ ውሃ ውስጥም ሌላ 5 ደቂቃ ስጪው። በዚያው ሦስት ተጨማሪ ቱቦ አዘጋጂ፦ ግሉኮስ ብቻ፣ ምንም ያልነካው ስኳር፣ በአሲድ ፋንታ ከቀጭን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር የሞቀ ስኳር። የመጀመሪያው ካልቀላ ያን ጊዜ ጠርሙሱን እንወቅሳለን። የመጨረሻው ደግሞ የወረቀቱን ጥያቄሽን በዓይንሽ ያሳይሻል።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጄ፣ የተሳሳትሽው ኦክስጅኑን ስለቆጠርሽ ነው። ካርቦኑን ተመልከቺ። በኤስተር ከድልድዩ ኦክስጅን አጠገብ ያለው አንደኛው ካርቦን ሌላ ኦክስጅን በድርብ ትስስር ይዟል፤ ካርቦኒል የምንለው ይህን ነው። አማይድም ካርቦኒሉ አለው፤ በድልድዩ ኦክስጅን ቦታ ናይትሮጅን ተተካ እንጂ። በሱክሮስ ግን ድልድዩን ከግራም ከቀኝም ብትፈትሺ ድርብ ትስስር አታገኚም። የግሉኮሱ ካርቦን ሁለት ኦክስጅን በነጠላ ትስስር ይዟል፤ አንዱ የቀለበቱ ነው፣ ሌላው የድልድዩ። በፍሩክቶሱም በኩል እንዲሁ ነው። ስሙ አሴታል ነው፤ በስኳሮች መካከል ሲሆን የግላይኮሲድ ትስስር ይባላል። «ውሃ ይወጣል፣ ውሃ ይገባል» ማለትሽ እውነት ነው፤ ግን ለሦስቱም ስለሚሠራ አንዱን ከሌላው አይለይልሽም።

አሁን ወደ ቤዙ ልምጣ። የካርቦኒሉ ካርቦን ኤሌክትሮኖቹን ኦክስጅኑ ስለሚስብበት ከፊል አዎንታዊ ነው። ሃይድሮክሳይድ በቀጥታ እዚያ ላይ ያርፋል፤ ድርብ ትስስሩ ለጊዜው ይከፈትለታል፣ ሲመለስ የአልኮሉን ወገን አስወጥቶ ነው። አሴታሉ የሚከፈት ድርብ ትስስር የለውም። አሲድ ሲመጣ ግን በድልድዩ ኦክስጅን ላይ ፕሮቶን ያስቀምጥበታል፤ ያ ኦክስጅን ካርቦኑን ለቅቆ ይሄዳል፣ ውሃም በቦታው ይገባል። የመጽሐፍሽ ዓረፍተ ነገር ምክንያቱ ይህ ነው።

የኤስተሩ መፍረስ በአሲድና በቤዝ አንድ ዓይነት እንዳይመስልሽ። በአሲድ ወደ ኋላም ይመለሳል፦ አሴቲክ አሲድንና ኢታኖልን እኩል ሞል ብትቀላቅዪ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ኤስተር ሆኖ ሚዛኑ ይቆማል። በኮስቲክ ሶዳ (በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ግን የወጣው አሲድ ወዲያው ጨው ስለሚሆን መመለሻ የለውም። ሳሙና ሠሪ ሞራውን በኮስቲክ ሶዳ የሚቀቅለው ለዚህ ነው።

አማይድ ግትር ነው። ናይትሮጅኑ ጥንድ ኤሌክትሮኑን ለካርቦኒሉ ስለሚያጋራ ካርቦኑ የሃይድሮክሳይድን ያህል እንግዳ አያጓጓውም። ፕሮቲንን ወደ አሚኖ አሲዶቹ ለመበተን በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 24 ሰዓት ማሞቅ የተለመደ ነው። የእኛ ጨጓራና አንጀት ያንኑ በ37 ዲግሪ የሚያከናውኑት በኢንዛይም ነው።

ፋርማሲስት፦
በመምህር ላይ ከሙያሽ አንድ ምሳሌ ልጨምር። አስፕሪን ኤስተር አለው፣ ፓራሲታሞል አማይድ። እርጥበት የገባበትን የአስፕሪን ጠርሙስ ስትከፍቺ ኮምጣጤ ይሸትሻል፤ ኤስተሩ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድና አሴቲክ አሲድ ፈርሶ ነው። እንዲህ የሸተተው ይጣላል እንጂ ለታማሚ አይሰጥም። ፓራሲታሞሉ እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ በዚያው እርጥበት፣ ይህን ያህል አይጎዳም።

ማር ሻጭ፦
ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። ስኳር የተቀላቀለበትን ማር በዚህ ቤኔዲክት መለየት ይቻላል ማለት ነው?

የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን፦
አይቻልም፣ ወንድሜ። ንጹሕ ማር ራሱ በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሆነ ያቀላዋል፤ ስኳር የተጨመረበትም ይቀላል። የሚያስፈልግህ የሱክሮሱን መጠን የሚለካ ቤተ ሙከራ ነው። ዓለም አቀፉ መመዘኛ ለአብዛኛው ማር ከ100 ግራም ውስጥ ሱክሮስ ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ይላል። አጭበርባሪው ስኳሩን አስቀድሞ በአሲድ አፍርሶ ከቀላቀለው ግን ይህም መለኪያ ብቻውን አይይዘውም።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ ስታርችም በዚሁ ትስስር የተሠራ ከሆነ ሴሉሎስን ለምን መብላት አንችልም?

ጡረተኛ መምህር፦
ሁለቱም ከግሉኮስ ነው የተሠሩት፣ ትስስሩም ከአንደኛው ካርቦን ወደ አራተኛው ነው። አቅጣጫው ይለያል፤ የስታርቹ አልፋ፣ የሴሉሎሱ ቤታ። በምራቃችን ያለው ስታርች አፍራሽ ኢንዛይም፣ አሚሌዝ፣ የሚያውቀው አልፋውን ብቻ ነው። እንጀራው ለእኛ ሆኖ ጭዱ ለበሬው የቀረው በዚህ ነው፤ በሬውም ቢሆን በሆዱ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ባይኖሩለት አይወጣውም ነበር።

ጠያቂዋ፦
ዛሬ ደገምኩት። የግሉኮሱ ቱቦ ቀላ፤ በአሲድ ፈርሶ በቢካርቦኔት የተስተካከለውም ቀላ፤ ያልተነካው ስኳርና ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር የሞቀው ሰማያዊ ሆነው ቀሩ። አንድ ችግር ብቻ ቀርቷል፦ ቀዩ ዝቃጭ ቱቦው ላይ ተጣብቆ በብሩሽ አልለቅ ብሏል።

የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን፦
መጀመሪያ ፈሳሹን የመዳብ ቆሻሻ በሚጠራቀምበት ዕቃ ገልብጪ፤ ወደ ማጠቢያው አይሂድ። ከዚያ ጓንትና መነጽር አድርገሽ ጥቂት ቀጭን ናይትሪክ አሲድ አንጠባጥቢበት፣ ይሟሟል። እሱንም ወደዚያው ዕቃ መልሰሽ ቱቦውን በውሃ እጠቢው።